ባለ 7 ኢንች ቸርኬ በቪትዝ ላይ፤ ኮምቦልቻ ውስጥ ተፈትኖ

ፍርዱን ከፊት ላስቀምጠው። ቪትዝ ይዞ በኮን መሃል እየተጣጠፈ በሰዓት መሮጥ ለሚወድ ሰው፣ 15 ቁጥር (ዲያሜትሩ 15 ኢንች) ሆኖ ስፋቱ 7 ኢንች፣ ኦፍሴቱ (መኪናው ላይ የሚለጠፍበት ፊት ከስፋቱ መሃል የሚርቅበት ልክ) 35 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ ቀላል ቸርኬ ይበቃዋል። ባለ 8ቱ ያምራል እንጂ አይሮጥም። ይህን የምለው ሁለቱንም በአንድ መኪና ላይ እያሰርን በአንድ ሜዳ ላይ ስለነዳናቸው ነው። የባለ 8ቱ ባለቤት ጓደኛዬ ነው፤ እስከ ዛሬ አላመነልኝም።

ሥራዬ ቶርኖ ነው። የከባድ መኪና ሞዞ (ቸርኬ የሚታሰርበት መሃል)፣ የወፍጮ ዘንግ፣ የፋብሪካ ቡሽ ሲመጣ ልኩን ስመልስ የምውል ሰው ነኝ። ጅቡቲ የሚመላለሰው መኪና በከተማችን ስለሚያልፍ ሥራ አይጠፋም። በዚህ ሙያ የኖረ ሰው "አብሽር፣ ልክ ነው፣ ይገባል" ቢሉት ዝም ብሎ አይቀበልም፤ ካሊፐሩን ያወጣል። ጽሑፉ ላይ ቁጥር ቢበዛባችሁ ከዚያ የመጣ ነው።

ይህን በሰዓት የሚሮጥ ጨዋታ፣ አውቶክሮስ የሚባለውን፣ ለማያውቅ ባጭሩ፦ ሰፊ የአስፋልት ሜዳ ላይ ኮን እየተደረደረ መንገድ ይሠራል፤ መኪኖቹ አንድ በአንድ እየገቡ በሰዓት ይሮጣሉ። ጎን ለጎን መፎካከር የለም። ዙሩ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ያንሳል፤ ፍጥነቱም ቢሆን በሁለተኛ ማርሽ የሚያልቅ ነው። ሾፌሩ ከመንዳቱ በፊት መንገዱን በእግሩ ሄዶ ያጠናዋል። አሜሪካ ውስጥ ይህን የሚያዘጋጀው ትልቁ ማኅበር ኤስሲሲኤ ኮን ለገጨ ሰው በእያንዳንዱ ኮን 2 ሰከንድ ይጨምርበታል። ጃፓኖችም ተቀራራቢ ጨዋታ አላቸው፣ ጂምካና ይሉታል። እኛ ጋ ማኅበርም ዋንጫም የለም። የጭነት መኪና ማሳደሪያ ግቢ ያላቸው አንድ ደግ ሰው እሁድ ጠዋት ከባዶቹ ወደ ሚሌ ወርደው ግቢው ሲለቀቅ ይፈቅዱልናል። ኮን የምንለው ብርቱካናማ ቀለም የተቀባ ባዶ የዘይት ጀሪካን ነው። ሰዓት የሚይዘው የአንዱ ጓደኛችን ታናሽ ወንድም ነው፤ ለማንም አያዳላም፣ ለወንድሙም ጭምር።

አሜሪካኖቹ ዘንድ ቸርኬ ማስፋት እንደፈለጉ የሚደረግ አይደለም። ስትሪት በሚባለው ክፍል የሚወዳደር መኪና የቸርኬ ስፋቱ ከፋብሪካ እንደወጣ መቆየት አለበት፤ ቁጥሩን በ1 ኢንች ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ብቻ ይፈቀድለታል። ጎማው ላይ የተጻፈው የትሬድዌር ቁጥርም (ላስቲኩ ቶሎ አለማለቁን የሚናገረው) ከ200 ማነስ የለበትም። ማስፋት የፈለገ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል። እኛን የሚከለክል ሕግ የለም፤ የሚከለክለን ኪሳችንና ፓራፋንጎው ነው።

የገዛሁት ያገለገለ ኤንኬይ ነው። ኤንኬይ ጃፓን ሀማማትሱ ውስጥ በ1950 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ፋብሪካ ነው፤ ቸርኬ የሚሠራበት አንዱ ዘዴ ደግሞ እንደኔ ብረት ለሚቆርጥ ሰው ደስ ይላል። መጀመሪያ አሉሚኒየሙ ይቀለጥና ቅርጽ ይይዛል፤ ከዚያ ጎማ የሚቀመጥበት ክፍል እየዞረ በሮለር ተጭኖ ይሳሳል። ሲሳሳ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ብዙ ብረት ሳይበላ ጭነት ይችላል። ለአራቱ 48 ሺህ ብር ከፍዬ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስመጣኋቸው። ከጀርባቸው 15×7ጄጄ፣ 4×100 (አራት የቡሎን ቀዳዳ፣ 100 ሚሊሜትር ዲያሜትር ባለው ክብ ላይ)፣ 35 የሚል ጽሑፍ አለ፤ የጃፓኖቹ የቸርኬ ደረጃ ምልክት የሆነው ጄደብሊውኤልም ጎልቶ ይታያል። ያ ምልክት የሌለውን ቸርኬ የጃፓን ነው ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ጠርጥሩ። አጠገቡ ቪአይኤ የሚል ካለ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ፤ ሌላ አካል ፈትሾ መዝግቦታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ከመግዛቴ በፊት አንድ ሻጭ፣ ስሙን ተዉት፣ ሜትር ዘርግቶ ከከንፈር እስከ ከንፈር ለካና "ይኸው 8 ነው" አለኝ። የቸርኬ ስፋት የሚለካው ግን ከውስጥ ነው፤ የጎማው ተረከዝ ከሚያርፍበት ግድግዳ እስከ ማዶው ግድግዳ። ከውጭ የለካው ሰው ወደ አንድ ኢንች ትርፍ ያገኛል። ሻጩ ይህን አያውቅም ብዬ ማሰብ ይከብደኛል፤ ጎማ ሲፈታና ሲያስር የኖረ ሰው ነው።

ስፋት የሚፈለግበትን ምክንያት ብዙ ሰው በስህተት ነው የሚያስረዳው። ጎማ ሲሰፋ አስፋልቱን የሚነካው ቦታ በዚያው ልክ ይጨምራል ይላሉ። ንፋሱ እኩል እስከሆነ ድረስ የሚነካውን ቦታ መጠን በአመዛኙ የሚወስኑት የመኪናው ክብደትና የንፋሱ ግፊት ናቸው። የሚለወጠው ቅርጹ ነው፤ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያጥራል፤ መታጠፊያ ላይ የሚጠቅመውም ይህ ነው። የቸርኬው ስፋት ደግሞ ከዚህ የተለየ ሥራ አለው። ጎማው ጠባብ ቸርኬ ላይ ሲታሰር ጎኑ ወደ ውጭ ይነፋል፤ መኪናዋ ስትታጠፍ ያ የተነፋ ጎን ይታጠፍና ጎማው በትከሻው ይሄዳል። ቸርኬው ሲሰፋ ጎኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መሪ ሲዞር ጎማውም ሳይዘገይ ይዞራል።

ይህን በዓይን ማየት ለሚፈልግ ጠመኔ ይበቃል። ከዙሩ በፊት ከጎማው ትከሻ ወደ ጎኑ የሚወርድ ወፍራም መስመር በጠመኔ እናሰምራለን። ብዙ ጎማ ጎኑ ላይ፣ ከትከሻው ወረድ ብሎ፣ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክት አለው። በፋብሪካው 5.5 ኢንች ቸርኬ፣ በ175/65 አር14 ጎማ (ስፋቱ 175 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 14 ቁጥር) ዞሬ ስመለስ የፊት ግራው ጠመኔ ከሦስት ማዕዘኑ አልፎ፣ የጎማው ስም እስከተጻፈበት ድረስ ጠፍቷል። ጎማው ላይ የቀረው የአስፋልት ጥቁር አቧራ ነበር፤ በጣቴ ስነካው ላስቲኩ ተፈርፍሮ እንደ ጥቁር ስንጥር ይረግፋል። ባለ 7ቱን አስሬ፣ 195/50 አር15 ጎማ ይዤ፣ በዚያው መንገድ ስመለስ ጠመኔው ሦስት ማዕዘኑ ጫፍ ላይ ቆሟል። ንፋሱን ፊት 34፣ ኋላ 38 ፒኤስአይ አድርጌ ነው። ኋላውን የማጠነክረው ቪትዝ ፊቷ የሚጎትት መኪና ስለሆነች ነው፤ አፍንጫዋ ወደ ውጭ መሄድ ትወዳለች፣ ኋላው ትንሽ ሲቀልላት ትዞራለች።

ስለ ንፋስ ከተነሳ ደሴ ለምትኖሩ አንድ ነገር። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ደሴ ላይ ሞልታችሁ በሐረጎ ስትወርዱ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ወደ 1 ፒኤስአይ ዝቅ ማለት አለበት። ግን ኮምቦልቻ ይሞቃል፤ ሙቀቱ የወረደውን አብዛኛውን ይመልሰዋል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ደርሳችሁ ጎማው ሲበርድ ለኩ፤ ደሴ ላይ ያያችሁትን ቁጥር አትመኑ።

አሁን ሰዓቱን ልናገር። በፋብሪካው ቸርኬና ጎማ 43 ሰከንድና ቅንጣት ነበርኩ። በባለ 7ቱ 41 ገደማ ገባሁ። ይሄኔ ሰው ሁሉ "ቸርኬው 2 ሰከንድ ቀነሰ" አለ። እኔ ደግሞ አይ አልኩ፤ ጎማውም አብሮ ተለውጧል። ስለዚህ ከሌላ ጓደኛችን 6 ኢንች ቸርኬ ተውሼ ያንኑ 195 ጎማ አስፈትቼ እሱ ላይ አሳሰርኩት። 41.7 ሆነ። ስሌቱን ተመልከቱት፤ ትልቁን ድርሻ የወሰደው ላስቲኩ ነው፣ ከ6 ወደ 7 መስፋት የጨመረልኝ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው። በዚህ ጨዋታ ግን ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነገር ሰውን ለሳምንት ያኮርፋል። መሪው ላይ ያለው ልዩነት ደግሞ ከሰዓቱም በላይ ነው። በ6ቱ ጀሪካኖቹ መሃል ግራ ቀኝ ስል መኪናዋ የምትሰማኝ ትንሽ ቆይታ ነው፤ በ7ቱ እጄ ሲዞር አብራኝ ናት።

ወደ ባለ 8ቱ እንምጣ፤ ዋናው ክርክር እሱ ላይ ስለሆነ። ጓደኛዬ የገዛው 15×8፣ ኦፍሴቱ 25 ነው። ኦፍሴት ማለት ቸርኬው ሞዞ ላይ የሚለጠፍበት ፊት ከስፋቱ መሃል ስንት ሚሊሜትር ወደ ውጭ እንደራቀ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል። የኔ መኪና የፋብሪካ ቸርኬ 5.5 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 45 ነው። ከሱ ጋር ሲተያይ ባለ 7ቱ በ35 ኦፍሴት ወደ ውጭ 29 ሚሊሜትር፣ ወደ ውስጥ 9 ሚሊሜትር ይጨምራል። 9ኙ ከአሞርዛተሩ ጋር አያጋጭም፤ ጣት ይገባል። የጓደኛዬ ባለ 8 ግን ወደ ውጭ 52 ሚሊሜትር ገደማ ይወጣል፣ ወደ ውስጥም 12 ይገባል። 52 ሚሊሜትር በቪትዝ ላይ ማለት ጎማው ከፓራፋንጎ ውጭ ቆሞ ጎዳናውን ይመለከታል ማለት ነው።

ውጤቱ ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ ይነካል። መሪ እስከ መጨረሻው ዞሮ መኪናዋ ወደ ጎን ስትጋደም ጎማው የፓራፋንጎውን ከንፈር ይፈገፍጋል፤ ጭሱ ይሸታል። ሁለተኛ፣ ጎማው አስፋልት የሚነካበት ቦታ ከመሪው መዞሪያ መስመር ሲርቅ መሪው ይከብዳል፤ ጉድጓድ ሲመታም እጅ ላይ ይወራጫል። ኩሽኔታውም ፋብሪካው ባላሰበለት ክንድ ይጎተታል። ሦስተኛው ክብደት ነው። በእህል ሚዛን አስቀመጥናቸው፤ የኔው 6.4 ኪሎ፣ የሱ 8.9 ኪሎ። ለአራቱ 10 ኪሎ ልዩነት ነው፣ ያውም የሚሽከረከር ክብደት፤ ሞተሩ መኪናዋን ብቻ ሳይሆን መሽከርከሩንም ከዜሮ ማስነሳት አለበት። በኛ ከፍታ ደግሞ ይህ ይብሳል። 1,850 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛ አካባቢ ያጣል። 1.3 ሞተር ካላት መኪና አንድ አምስተኛ ተወስዶባት ሲያበቃ 10 ኪሎ የሚሽከረከር አሉሚኒየም መጫን ግፍ ነው። 41.5 ነው የገባው። ከተዋስኩት 6 ኢንች በጥቂቱ ተሻለ፣ ከ7ቱ ግን ዘገየ፤ ያውም የሱ ጎማ 205 ሆኖ።

ጓደኛዬ "ፓራፋንጎውን ቆርጠን እንመልሰው" ይላል። እባካችሁ አትቁረጡ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ደህና ቪትዝ ያለው ሰው የያዛትን ቆርቆሮ እንደ ንብረት ይያዝ።

የጎማ ፋብሪካዎች ለእያንዳንዱ ልክ ከስንት እስከ ስንት ኢንች ቸርኬ እንደሚስማማ ሠንጠረዥ አላቸው፤ ሻጭ ግን አይነግራችሁም። 195/50 አር15 ከ5.5 እስከ 7 ነው፤ የኔው ጫፉ ላይ ነው ያለው። 205/50 አር15 ከ5.5 እስከ 7.5 ነው። ስለዚህ የጓደኛዬ 205 በ8 ላይ ከልኩ ግማሽ ኢንች አልፏል። ይህን ከኔ ይልቅ በደንብ የነገሩን ጎሚስታው ናቸው።

ለሳቸው የተለየ ምስጋና አለኝ፤ የግምገማው ግማሽ የሳቸው አገልግሎት ነው። ሱቃቸው የጭነት መኪና ጎማ የሚበዛበት ነው፤ የኛን ዓይነት ቀጭን ጎማ የሚያመጣላቸው ሰው ጥቂት ነው። አሉሚኒየሙ እንዳይጫር ፈርቼ፣

"አባባ፣ በማሽን ቢያደርጉልኝ?" አልኳቸው።

"አብሽር ልጄ። ማሽኑም የሚነዳው በሰው እጅ ነው" አሉና የጆንያ ቁራጭ አጥፈው ከብረቱ ሥር አስገቡ። የጎማውን ተረከዝ ሳሙና ቀቡ፤ ውኃ የበዛበት ሳይሆን ወፍራሙን። አንደኛውን ጎን በእግራቸው ረግጠው አስገቡ፣ ሁለተኛውን በሁለት ብረት እያፈራረቁ። ንፋስ ሲለቁበት አንዴ ጧ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጧ አለ፤ ሁለቱም ተረከዝ ቦታውን ያዘ። ከንፈሩ ላይ አንድ ጭረት የለም። የጓደኛዬ ሲመጣ ግን ተረከዙ ግድግዳው ጋ አልደርስ አለ፤ ንፋሱ በጎን ይወጣል። ገመድ አመጡና ጎማውን በዙሪያው አስረው በዱላ አጠበቁት፤ መሃሉ ሲጨመቅ ጎኖቹ ወደ ውጭ ተገፉና ያዙ። ቤንዚን ረጭቶ በክብሪት ማስነሳትን አንዱ ልጅ ሲጠቅስ ተቆጡት። ሥራቸውን ጨርሰው ጎማውን ቆመው ተመለከቱና፣

"ይኼ ጎማ እኮ እግሩን አንፈራጦ ነው የቆመ። ሐረጎ ላይ ጉድጓድ ሲያገኘው ይቀመጣል" አሉ።

ቡና ጀባ ብለውናል፤ የተቀበሉን ሒሳብም ከሚገባው በታች ነው። ባላንሱን ግን ሌላ ቦታ ነው ያሠራሁት፤ እሳቸው ጋ ማሽኑ ለከባድ ብቻ ነው። ባላንስ ስታሠሩ እርሳሱ ከውስጥ በኩል እንዲለጠፍ ጠይቁ፤ ፍሬኑን እንዳይነካ ግን ቸርኬውን በእጅ አዙሩት።

አሁን የኔ ሙያ የሚገባበት ቦታ ነው፤ ታገሱኝ። የቪትዝ ሞዞ 54.1 ሚሊሜትር ነው። ከገበያ የሚገዛ ሰፊ ቸርኬ ብዙ መኪና እንዲገጥም ተብሎ መሃሉ ሰፍቶ ነው የሚሠራው፤ የኔዎቹ 73 ናቸው። ይህን ክፍተት እንዲሁ ትቶ በዳዶ ብቻ ማሰር ይቻላል፤ ነገር ግን ቸርኬው ፀጉር ታህል ከመሃል ከወጣ በ80 እና በ100 መሃል መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ሰዉም ባላንስ እያለ ገንዘቡን ይጨርሳል። መፍትሔው ቀለበት ነው። ከአሉሚኒየም ዘንግ ላይ ራሴ ቆረጥኳቸው። ውስጡን 54.15 አደረግሁት፤ በእጅ ተገፍቶ ሞዞው ላይ እንዲገባ፣ ሲለቀቅ ግን እንዳይወድቅ። ውጩን ከቸርኬው ቀዳዳ በአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር አሳነስኩት። ግድግዳው 9 ሚሊሜትር ተኩል አይሞላም። የፊቱን ጠርዝ ሰበር አድርጌ ማዕዘኑን አነሳሁ፤ ያ ካልተደረገ ቸርኬው ሲገባ ይነክሰውና ተለጥፎ ይቀራል። ሞዞውን በብረት ብሩሽ ጠርጌ ትንሽ ግራሶ ቀባሁ፤ አሉሚኒየምና ብረት ዝናብ ካገኛቸው ይጣበቃሉ። ቀለበቱ ጭነት አይሸከምም፤ ሥራው ዳዶው እስኪጠብቅ ቸርኬውን መሃል ላይ መያዝ ነው። ከዚያ በኋላ መኪናዋን የሚይዛት የዳዶው መጨመቅ ነው። ፕላስቲኩም ቀለበት ይሠራል፤ እኔ ግን ፍሬን የሚግልበት ቦታ ላይ ፕላስቲክ አላስቀምጥም።

ዳዶውን ቀልድ አታድርጉት። ቪትዝ የምትወስደው 12 በ1.5 ነው። ከገበያ የተገዛ ቸርኬ አብዛኛው 60 ዲግሪ ሾጣጣ አፍ ያለው ዳዶ ይፈልጋል፤ የቶዮታ የራሱ አሉሚኒየም ቸርኬ ላይ የሚመጣው ዳዶ ግን ብዙ ጊዜ አፉ ጠፍጣፋ ነው፣ የሆንዳው ደግሞ ክብ። አፉ ካልገጠመ የጠበቀ ይመስላችኋል እንጂ አልጠበቀም። ዳዶው በእጅ ሲገባ በትንሹ 8 ዙር መሄድ አለበት፤ የቡሎኑ ውፍረት 12፣ ጥርሱ 1.5 ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። የመጨረሻው ማጥበቂያ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ በመስቀል ቁልፍ ላይ ቆሞ መዝለል ቡሎኑን ይስበዋል። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ እንደገና ለኩት።

የቡሎኑ ቀዳዳ ነገርም አለ። የድሮ ላዳና ፊያት ቸርኬ በርካሽ አግኝቶ "አራት ቀዳዳ ነው፣ ይገባል" ብሎ የሚመጣ አይጠፋም። የነሱ 4×98 ነው፣ የቪትዝ 4×100። 2 ሚሊሜትር ትንሽ ትመስላለች፤ እያንዳንዱ ቡሎን ግን ተጎትቶ ነው የሚታሰረው። ቀዳዳውን በሞላላ አስፋልኝ ብሎ ወደ ቶርኖ ቤታችን የመጣም አለ፤ መልሰነዋል። የዲኤክስ ቸርኬ ደግሞ 4×114.3 ስለሆነ ጭራሽ አይደርስም። ከሆንዳ ሲቪክ የወጣ 4×100 ከሆነ ይሆናል፤ መሃሉ 56.1 ስለሆነ ቀጭን ቀለበት ብቻ ይፈልጋል፣ ዳዶውን ግን እንዳልኩት ለዩ።

ያገለገለ ቸርኬ ስትገዙ ጎማ ያልታሰረበትን ጠይቁ። ቀለም አዲስ የተቀባ ከሆነ ከውስጥ በኩል በጥፍር ፋቁት፤ ብየዳ የሚደበቀው እዚያ ነው። በትንሽ ብረት መታ መታ አድርጉ፤ የተሰነጠቀ ድምፁ ቶሎ ይሞታል። እኔ ሞዞ ላይ አስሬ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን መዛነፍ የሚለካ ባለ መርፌ መለኪያ) አስደግፌ አዞርኳቸው፤ ሦስቱ ንጹሕ ናቸው፣ አራተኛው ግማሽ ሚሊሜትር ይጫወታል። እሱን ኋላ አድርጌዋለሁ፤ መሪ ላይ አይሰማም።

ለዕለት መንገድ ግን አልመክራቸውም። የ175/65 ጎማ ጎን ወደ 114 ሚሊሜትር ነው፣ የ195/50ው 97 ተኩል። የጠፋችው 16 ሚሊሜትር ጉድጓድ ላይ የምታስፈልገው እሷ ናት። ከደሴ ወደ ሐይቅ ስሄድም ሆነ ባቲ ገበያ ስወርድ የፋብሪካውን 14 ነው የማስረው፤ ባለ 15ቱ የኋላ ወንበር ታጥፎ ተጭነው ወደ ሜዳው ይሄዳሉ። ክሪክና ቁልፍ ይዞ እዚያው መቀየር የአንድ ስኒ ቡና ጊዜ አይፈጅም። የፍጥነት መለኪያው በ195ቱ 1 በመቶ ያህል አብዝቶ ያሳያል፤ የጎማው ዙሪያ በጥቂቱ ስላነሰ ነው። ያው ማነሱ ማርሹን ትንሽ ያሳጥረውና ከጀሪካን ወደ ጀሪካን መፈናጠሯን ይረዳል፤ ለዚህ 1.3 ሞተር ስጦታ ነው።

ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፤ መጀመሪያ ጎማውን አግኙ። ኮምቦልቻም ደሴም 195/50 አር15 ሁልጊዜ አይገኝም፤ ሱቆቹ የሚይዙት 195/65 እና 185/65 ነው፣ እነሱ ለቪትዝ ይረዝማሉ። 185/55 አር15 ብቻ ካገኛችሁ ቸርኬያችሁ ከ6.5 አይለፍ። 205/50 ካገኛችሁ ባለ 7ቱ ይሸከመዋል፤ ሆኖም መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ ከውስጥ ፕላስቲኩ ጋር መንካት አለመንካቱን ለዩ። ጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች አንብቡ፤ 2322 የሚል ከሆነ በ2022 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መጋዘን ያስረጀው ላስቲክ ጥርሱ አዲስ ቢሆንም ይደርቃል፣ በኮን መሃል ይንሸራተታል። ሻጩ ሁለት ከአንድ ዓይነት፣ ሁለት ከሌላ ዓይነት ላቀላቅልላችሁ ካለ ደግሞ አራቱም አንድ ዓይነት እስኪመጡ መጠበቅ ይሻላል፤ እኔም ጠብቄ ነው ያገኘሁት።